ዳገቱ ሥር ዝም ያለው ሞተር

ትልቅ ሞተር ብስክሌት ነፃነት ነው ይላሉ። አይደለም። ትልቅ ሞተር ያለው ሰው የአገር ሁሉ ሎሌ ነው፤ የሚጠራጠር ካለ መቱ ላይ አንድ ይግዛና አንድ ክረምት ይሞክረው።

በቀደም መቱ ገበያ ዳር ቆሜ እርጥብ ቀይ አፈር ላይ የፈሰሰ ቤንዚን ሸተተኝና አጎቴ ጋሼ ደረጄ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። አገሩ በክልል በተከፈለ ሰሞን፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ በጨረታ የገዛው ሞተር የጎሬን ዳገት ሚኒባሶቹን ከኋላ ጥሎ ይወጣ፣ ሲነሳ የጎረቤት ቆርቆሮ ያንቀጠቅጥ ነበር። ሶር ፏፏቴ እየሄድኩ እዝናናበታለሁ ብሎ ነበር የገዛው። በየእሑዱ በናፍጣ ጨርቅ ሲወለውለው ያረፍዳል፤ ገና ከግቢ ሳይርቅ ጭቃ ይለብሳል፣ ምጥ የያዛትም ሚስማር ያለቀበትም «ጋሼ ደረጄ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ እስከ መታጠፊያው ብቻ!» እያለ ይቀመጥበታል። ፏፏቴውን ሳያየው ክረምትና በጋ ተፈራረቁ።

ከሁሉ የከፋው መርዶ ነበር። በዝናብ ወራት ገጠር ዳሪሙ ድረስ የሚዘልቅ ሌላ ነገር ስላልነበረ፣ መቱ ላይ የዳሪሙ ሰው ዘመድ በሞተ ቁጥር ይጠሩታል። መርዶ ደግሞ ወግ አለው፤ ማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ስለዚህ አጎቴ ከመንደሩ በታች ያለው ዳገት ሥር ሲደርስ ሞተሩን ያጠፋና ያንን የብረት በሬ በጭቃ ውስጥ ሽቅብ ይገፋዋል፤ ሐዘንተኛው ሳይሰማ በቅድሚያ ለጎረቤት ለመንገር። ስለ ጉልበተኛ ሰው ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ጉልበት ግን አላየሁም። ችግሩ፣ መንደሩ ዘዴው ቶሎ ገባው። ሞተሩ እየጮኸ ካለፈ ደህና ነው፤ ዳገቱ ሥር ዝም ካለ ሰው ሞቷል።

እንግዲህ አጎቴ ጫልቱን ከዚያው መንደር አጨ። ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው ተመለሱና፣ ስጦታ ለማድረስ በተቆረጠው እሑድ እሱ ሱፉን ግጥም አድርጎ፣ እኔ ለጫልቱ አባት የተገዛውን ጋቢ አቅፌ ከኋላው ሄድን። ዳገቱ ሥር ሞተሩ ውኃ ገባበትና ቀጥ አለ። ቢረግጠው ቢረግጠው እምቢ። መግፋት ጀመርን። እኩሌታውን ሳንወጣ ከላይ እሪታ ተሰማ።

ስንደርስ የጫልቱ እናት አዴ ዲንቂቱ መሬት ላይ ናቸው። መቱ ዳቦ ቤት የሚሠራ ልጃቸው የሞተ መስሏቸው፣ «ኢልማ ኮ! ልጄን!» ይላሉ።

«እትዬ፣ ደህና ነው! ጠዋት ዳቦ የገዛሁት ከሱ ነው!» አለ አጎቴ።

«እንዲህ እያላችሁ ነው የምታረዱት!»

ሙሽራ ይሁን መርዶ ነጋሪ ያልለየለት ሰው ያን ቀን አየሁ። ጫልቱ ከበሩ አጠገብ ቆማ አንዴ እናቷን አንዴ እሱን ታያለች። አባቷ ኦቦ ገለታ ብቻ አላለቀሱም።

«አስነሳው» አሉት። «ለቅሶ ቤት ደጃፍ ሞተር የሚያስነሳ ባለጌ የለም። ደህና ከሆነ ይጩህ።»

አጎቴ ውኃ የገባበትን ካንዴላ ፈታ፤ የሚያደርቅበት ሲያጣ ከእጄ ጋቢውን ነጥቆ በአዲሱ ጥለት ጠረገው። «የኔ ጋቢ መሆኑ ነው?» አሉ ኦቦ ገለታ። ረገጠ፤ አሳለው። ረገጠ፤ ዝም። አዴ ዲንቂቱ እንደገና ሊጮኹ አፋቸውን ሲከፍቱ ሞተሩ አገሳ፤ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ሴትዮዋ ተነሥተው አጎቴን ደረቱን በሁለት እጃቸው ደለቁት፣ ከዚያ እልልታውን አቀለጡት። «በእሪታ የተዳረ» የሚለው ስም ዕድሜ ልኩን አለቀቀውም፤ ኦቦ ገለታም ያንን ጥቁር ነጥብ ያለበትን ጋቢ በየሠርጉ እያሳዩ ለበሱት።

ዛሬ ዳሪሙ ድረስ ሞተሩም ስልኩም ሞልቷል፤ ድምፅ ሰምቶ ቀና የሚል የለም። አጎቴ ሲሞት እኔ ታክሲ ተሰልፌ ነበር። ስልኬ ተንጫረረ፣ «ጋሼ ደረጄ አረፈ» አለኝ አንድ ዘመድ፣ ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ ወረፋዬ ደረሰ። ለማያውቀው የዳር አገር ሰው ሐዘን ያንን ብረት ዳገት ሽቅብ ሲገፋ የኖረው ሰው መርዶ ይኸው ነበር።

አንተ ግን ሞተር ካለህ፣ መርዶ በስልክ አትንገር። ተነሥተህ ሂድ፤ ዳገቱ ሥር ስትደርስ አጥፋውና ግፋ።