«ባዶ ነው» ያልኩት ካፓሲተር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን፣ እናቴን ማስቀየሜን ነግሬያለሁ፤ እዚህ ጋ ስደርስ ግን ምላሴ ይታሰራል። ዛሬ የደፈርኩት እርስዎን ስለማላውቅዎት ይሆናል።

ሳምሶንና እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች ነበርን። እሱ የካዛንቺስ ልጅ፣ እኔ የላንቻ። ያቀራረበን ኤሌክትሪክና ማግኔት የሚባለው ኮርስ ነው። እኔ ቀመሩን እሸመድዳለሁ፤ እሱ ይገባዋል። ስለ ማግኔት መስክ ሲያወራ በዓይኑ የሚያየው ይመስል ነበር። እወደው ነበር። እቀናበትም ነበር። ሁለቱ አንድ ልብ ውስጥ ይኖራሉ? እኔ ውስጥ ኖረዋል።

ለኮርሱ ማጠቃለያ የቡድን ሥራ ታዘዝን። ሳምሶን ሽቦ ጠምጥመን፣ በማግኔት ኃይል ምስማር የሚወረውር መሣሪያ እንሥራ አለ። ከተበላሹ ቴሌቪዥኖች ካፓሲተሮች ለቃቀመ። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ይይዛል። የሞላውና ባዶው ደግሞ ሲያዩዋቸው አንድ ናቸው። እናቱ ቤት፣ ጓዳው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ሥራ ተከፋፈልን። ጥምጥሙ የእሱ፣ ካፓሲተሮቹ የእኔ። መሙላቱም፣ እጅ ሳይነካቸው ዲስቻርጅ ማድረጉም፣ ማለትም የያዙትን ኤሌክትሪክ ማራገፉም፣ የእኔ ኃላፊነት ነበር።

መምህራችን ንድፉን አይተው፣ ሁለታችንም ቆመን ሳለን፣ «ሐሳቡ የሳምሶን መሆኑ ያስታውቃል» አሉ። ረዳታቸው እንዲሆንም ጠየቁት። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ሳምሶን፣ «ስለ አንተም እነግራቸዋለሁ፤ አታስብ» አለኝ። ከመምህሩ ንግግር ይልቅ ይሄ አቃጠለኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ሰማዩ ለዝናብ ጠቁሮ ነበር። እናቱ እትዬ አስካለ ግቢው ውስጥ የተሰጣ ልብስ እየሰበሰቡ ነበር። ካፓሲተሮቹን ሞላሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ዲስቻርጅ አላደረግኩም። ሳምሶን የላላ ሽቦ አይቶ ጎንበስ አለ።

«ዲስቻርጅ አድርገኸዋል አይደል?» አለኝ።

ረስቼ አልነበረም። ይህን ልብ ይበሉልኝ።

«ባዶ ነው» አልኩት።

ምን ፈልጌ ነበር? ትንሽ እንዲነዝረው። ደንግጦ እንዲጮህ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ሞኙ እሱ እንዲሆን። ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይህንን ነው። ግን እዚያ ውስጥ የተጠራቀመውን ኃይል ያሰላሁት እኔ ነበርኩ። ሰው ሊገድል እንደሚችል አውቅ ነበር። እያወቅኩ አልኩት። አምኖኝ እጁን ሰደደ።

ድምፁ ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ ያህል ነው። ሳምሶን አልጮኸም። ግድግዳው ሥር ወደቀ፤ ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን አይተነፍስም። ደረቱን ተጫንኩ፣ ትንፋሽ ሰጠሁት። ጎረቤት ተሯሯጠ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስተኝቼው ሆስፒታል አደረስነው።

ነፍሱ ተመለሰች። ሌላው ግን አልተመለሰም። አእምሮው አየር አጥቶ ቆይቶ ነበርና ነገር ይጠፋበት ጀመር። ደብተሩን ገልጦ አንድ ገጽ ላይ ፈዝዞ ይቀመጣል። ያን ቀን ጨርሶ አያስታውስም። «ምን ሆኜ ነው?» ብሎ የጠየቀኝ እኔን ነው፤ ሌላ ማንን ይጠይቅ?

«ሳታጣራ ነካኸው» አልኩት።

የመጀመሪያውን ቅናት ነው እንበል። ይህንንስ ምን እንበለው? እትዬ አስካለ «ልጄን ከሞት አወጣህልኝ» ብለው ጎንበስ ብለው ጉልበቴን ሳሙ። እኔም ቆሜ ተሳምኩ።

ሳምሶን ትምህርቱን አቋርጦ ባምቢስ አካባቢ ዘመዱ ሱቅ ሥራ ገባ። የረዳትነቱ ቦታ ለእኔ ደረሰ። ዛሬ ያንኑ ኮርስ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ጎተራ ኮንዶሚኒየም ያለው ቤቱ ምሳ ጠራኝ። ልጁ ሜሮን እኛ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች፤ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ናት፣ ያንኑ ኮርስ ከእኔ ትማራለች። ከምሳ በኋላ አጠገቤ አስቀመጣትና፣ «እንደኔ ችኩል እንዳትሆን። ያኔ ምን እንዳጠፋሁ ንገራት፤ እኔ አላስታውሰውም» አለኝ።

«ይንገሩኝ ጋሼ» አለች ልጅቷ።

ነገርኳት። አባቷን አጥፊ አድርጌ፣ አባቷ ፊት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ሰማኝና አመሰገነኝ። እሷ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ «እርስዎ የት ጋ ነበሩ?» አለች።

«አጠገቡ» አልኩ።

ይቅርታ አልጠይቅም። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ያን ምሳ የበላሁት በዚህ ዕድሜዬ ነው። ይቅር ሊለኝ የሚችል አንድ ሰው ነው፤ እሱም ይቅር የሚለውን ነገር እንዳያውቅ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሰኞ ትምህርት ይጀመራል። ሜሮን ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች።