እታለም ትልቁ ከተማ የገባች ዕለት

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት በረኪና እጇን የበላው ሴትዮ ብስክሌት የተማረችው በስተርጅና ነው። ባሏ ሞቶ፣ አንዲት ልጇም ለሥራ ወደ ትልቁ ከተማ ሄዳ ቤቱ ጭር ሲልባት ጊዜ። "ምን ነካት?" ያላላት አልነበረም። ጉልበቷ እስኪላጥ እየወደቀች ለመደችው። የትንሿን ከተማ የብስክሌት ማኅበር ስትቀላቀልም ሁሉም "እታለም" ይሏት ጀመር።

ማኅበሩ ወደ ትልቁ ከተማ ለመጓዝ ሲቆርጥ ከማንም በላይ የፈነደቀችው እሷ ነበረች። ልጇ እዚያ ባንክ ትሠራለች፤ ያገባችውም እዚያው ነው። "ድግስ የለም እማዬ፣ በፊርማ ብቻ ነው፤ አትንገላቺ" ብላት ሳትሄድ ቀርታለች። አሁን ደወለችላት።

"በዚያ ሳምንት ለሥራ ከከተማ እወጣለሁ፤ አታገኚኝም" አለች ልጅ፣ ድምጿ ቀዝቀዝ ብሎ።

"ይሁን እናቴ። ሌላ ጊዜ።"

ጎህ ሲቀድ ወጡ። ዳገቱን እያለከለኩ፣ ቁልቁለቱን እየተንደረደሩ ሲጓዙ ውለው ከሰዓት በኋላ ከተማው በጭሱና በጥሩምባው ተቀበላቸው። መሪያቸው፣ ጡረታ የወጣው የስፖርት አስተማሪ፣ "በአንድ መስመር! እታለም፣ መሃል ግቢ!" እያለ ይጮኻል። አንድ የታክሲ ሾፌር በመስኮት ብቅ ብሎ፣ "ማዘር! የልጅ ልጅ ማቀፍ አይሻልም?" አላት።

"ገና አልተወለደም!" አለችው። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ጥላ ባለው አንድ ሰፈር አብራቸው የምትጓዝ የአንዲት ፋርማሲስት ጎማ ፈነዳ። ሌሎቹ የጎማውን ካላማዳሪያ ሲለጥፉ እታለም ውሃ ልትለምን ጥጉ ላይ ወዳለው ኬክ ቤት ገባች።

ልጇ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሽክ ያሉ ባልቴት አሉ። የልጇ ሆድ ገፍቷል።

እታለም ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደች። ልጅ ፊቷ አመድ መሰለ።

"ምነው፣ ታውቂያቸዋለሽ?" አሉ ባልቴቷ።

"አላውቃቸውም" አለች። ከዚያ ዓይኗን ሳታነሣ፣ "ይቀመጡ እማማ፤ ደክሞዎት ይሆናል።"

እማማ። የመንገድ ሰው የሚጠራበት ስም። ወልዳ ያሳደገቻት ልጅ፣ አንቺ ስትላት የኖረች ልጅ።

"እግዜር ይስጥልኝ። ውሃ ብቻ ነው" አለች እታለም። ዓይኗ ግን ከልጇ ሆድ አልነቀል አለ። "ወሩ ገባ?"

"ዛሬ ነገ እያልን ነው!" አሉ ባልቴቷ ፊታቸው በርቶ። "እናቷ በልጅነቷ ሞታባት፣ እናትም አማትም እኔው ሆንኩላት።"

እታለም የመጣላትን ብርጭቆ ጨለጠች።

"ነፍስ ይማር" አለችና ወጣች።

አደባባዩ ላይ ፎቶ ሲነሡ አስተማሪው፣ "እታለም፣ ሳቂ እንጂ! ገብተናል እኮ!" አለ። ሳቀች። ፋርማሲስቷ ስለ ልጇ ስትጠይቃት፣ "ሥራ ወጥታለች" ብላ አሳለፈችው።

ሲመሻሽ ስልኳ ጮኸ። ልጅ በሹክሹክታ ታለቅሳለች። "እማዬ፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው... መጀመሪያ ውሸቱ ከአፌ አመለጠኝ፤ ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። ስወልድ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።"

እታለም ልትረግማት ፈልጋ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ "እግርሽ ካበጠ ዝም አትበይ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ።" ስልኩን ዘጋችው።

ብዙም ሳይቆይ በሥራ ላይ ሳለች አጭር መልእክት ደረሳት፤ "ወንድ ነው። ደህና ነን።" ባልደረባዋ ከማሽኑ ማዶ፣ "ምን ተገኘ? ፊትሽ በራ!" አለቻት።

"ምንም" አለች እታለም። ከማዋለጃ ክፍል የመጣውን አንሶላ እያነሣች ማሽኑ ውስጥ ከተተችው።