የኔታ ፈንታሁን የታረሙባት ሸክላ

ዛሬ ጠዋት ከዲጃ ከደብረ ታቦር ደወለችልኝ። «የኔታ አረፉ» አለችኝ።

«የትኛው የኔታ?» አልኳት። የማውቀው ሌላ የኔታ የለም። የሌላ ሰው ስም እስክትጠራልኝ ጠበቅኩ፤ አልጠራችም።

ባለፈው ሳምንት እኮ በስልክ ስንሳሳቅ ነበር። ይህን ስጽፍም አላመንኩም።

ለማታውቋቸው፦ የኔታ ፈንታሁን ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። በልጅነታቸው የድጓ ተማሪ ነበሩ፤ ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገቡ። «የኔታ» ያልናቸው እኛ ሱቃቸው የምንሰበሰብ ሰዎች ነን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ ከዚያ ስማቸው ሆነ።

አንዲት የሙዚቃ ሸክላ ነበረቻቸው። በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ የወጣች የእንግሊዝ ሮክ ናት። እንግሊዝኛ ያስተምራቸው የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲመለስ ትቶላቸው ሄደ።

ቤት ሲቀይሩ ምስማር ቧጠጣት። ሦስተኛው ዘፈን መሃል፣ ድምፃዊው ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ላይ መርፌው ይዘላል። የኔታ ምን ያደርጋሉ? ጭረቱ ጋ ሳይደርስ መርፌውን ያነሳሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በእጃቸው እየመቱ የጎደለውን ከትዝታቸው ራሳቸው ያዜሙታል። ከዚያ መርፌውን ከጭረቱ ወዲያ ያሳርፋሉ፤ ድምፃዊው ልክ በቦታው ይቀጥላል። አንድም ቀን ሲያዛንፉ አላየሁም። እንዳይረሱትም ሸክላዋ በምትገባበት ወረቀት ላይ ያችን የጊታር ዜማ በእርሳስ፣ በድጓ ምልክት ጽፈዋታል። እውነቱን ልናገርና፣ ብዙዎቻችን የምንሄደው ለዚያች ለጎደለችው ነበር። እየሰማንም ተማርናት።

ከዲጃ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ያደገችው እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። ዱባይ ስትሠራ አንድ ሱቅ መስኮት ላይ የሸክላዋን ሥዕል ታያለች። አዲስ እትም! ከመጀመሪያው የስቱዲዮ ቴፕ እንደገና የተቀረጸች፣ ወፍራም፣ ጭረት የማታውቅ። ባለፈው ዓመት ስትመለስ አውሮፕላን ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ አመጣቻት።

አዲሷ በምትሰማበት ቅዳሜ እኔም ከባሕር ዳር ሄድኩ። ሱቁ ሞልቷል። የኔታ ግን ሸክላዋን እንደያዙ ቆመዋል።

«ይክፈቷት እንጂ የኔታ! አገር አቋርጬ ያመጣኋት ሊያቅፏት ነው?» አለች ከዲጃ።

«ፈርተዋል!» አለ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ኑሩ።

«አዎ ፈርቻለሁ» አሉ። «ይህን ሁሉ ዘመን ሳዜምላችሁ የኖርኩት ስህተት ቢሆንስ? ሰው አሳስቼ ልሙት?»

እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። ባደጉበት የዜማ ቤት የሚዜመው መጽሐፍ ሳይታይ ነው። አንዲት ድምፅ የሳተ ይታረማል፤ የሳተውን ለሌላ ያስተማረ ደግሞ ሄዶ ያርማል።

መርፌውን አሳረፉ። የለመድነው ኮሽታ የለም።

«ተበላሽቷል እንዴ?» አለ ኑሩ።

«ዝም በል፤ ጆሮ አይቸኩልም» አሉት። የዘወትር ቃላቸው ናት። ወዲያው ግን ራሳቸው ከወንበራቸው ተነሱ።

«ይተነፍሳል! ስሙት! ሊጀምር ሲል አየር ሳበ! ዕድሜ ልኬን አብሬው ኖሬ ሲተነፍስ ሰምቼው አላውቅም!»

እውነት ነው፤ ሰማነው። የከበሮ መቺው ወንበር ሲንቋቋ ሰማን። ጭብጨባ ነው ስንለው የኖርነው ነገር ሌላ ትንሽ ከበሮ ኖሯል። ከዲጃ ክንዴን ጨምቃ ይዛለች።

ሦስተኛው ዘፈን መጣ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ከጊታሩ ጋር ማዜም ጀመሩ። ልክ! ልክ! ኑሩ ጠረጴዛውን ይመታል። መጨረሻ ላይ ያች እየወረደች የምትደጋገመው ዜማ መጣች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… አራተኛዋን ሲሉ ብቻቸውን ቀሩ። ድምፃዊው ገብቷል።

የኔታ መርፌውን ወደ ኋላ መለሱት።

«እንደገና» አሉ። ሦስት። «እንደገና።» ሦስት።

ላጲስ ፈልገው ከወረቀቱ ላይ አራተኛዋን ምልክት አጠፉ። ከዚያ እጃቸውን አጨብጭበው «ታረምኩ! በዚህ ዕድሜዬ ታረምኩ!» እያሉ ኑሩን አቀፉት፤ ከዲጃን አቀፏት፤ ሬዲዮ ሊያሠራ የመጣውን የማያውቁትን ሰውዬ ሳይቀር አቀፉት።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት የለም። ያስተማሯቸውን ሁሉ መፈለግ ያዙ። ማጫወቻውን በካርቶን አድርገው በሚኒባስ ገሳይ ሄዱ። ይፋግ ላለ ሹፌር በስልክ አሰሙት። አንበሳሜ ውስጥ በየሠርጉ ኪቦርድ የሚጫወት ወዳጃቸው ያችን ዜማ ጭፈራ ውስጥ አስገብቷት ኖሮ ተሟገታቸው።

«የኔታ፣ ሰው እኮ የለመደው በአራቱ ነው!»

«ይጨፍር። አንተ ግን ሦስት መሆኑን እወቅ።»

ባለፈው ሳምንት የደወሉልኝም ለዚሁ ነበር። «አንተ ብቻ ቀርተሃል። በል አዚምልኝ።» አዜምኩላቸው፤ ሦስት። «ጎሽ! ጨረስኩ!» አሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ሰምቻቸው አላውቅም።

የኔታ፣ እኔ ጋዜጣ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ እርማት ማውጣት አውቃለሁ። ዛሬ የራሴን ላውጣ። ያን ቀን ሦስት ያልኩት እርስዎ ስለሚሰሙኝ ነው። ስልኩን እንደዘጋሁ ያች ዜማ አፌ ላይ መጣች፤ አራት አልኳት። ዛሬም ከዲጃ ከደወለች በኋላ አራት አልኳት። ሦስቱ የዚያ እንግሊዛዊ ጊታር ተጫዋች ናቸው፤ አራተኛዋን ያመጧት እርስዎ ነዎት። ኃጢአቷ በእኔ ይሁን። እርስዎ ሥራዎን ጨርሰዋል፤ ልብዎ ሳይጨነቅ ይሂዱ፣ የኔታ።