ማጭድ የመሰለው ደም

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከወላጅ ስለሚወረስ አንድ የደም በሽታ ዜና አነበበችልኝ። ሐኪሞች ደም የሚሠሩትን ሴሎች ከበሽተኛው መቅኔ ያወጣሉ፤ ጉዳት እንዳያደርስ በተገራ ቫይረስ አዲስ መመሪያ ያስገቡባቸዋል፤ መመሪያው አንዱን ዘረመል ዝም ያሰኘዋል። ያኔ ሴሎቹ ሰው በእናቱ ማህፀን ሳለ የነበረውን፣ በሽታው የማያጣምመውን ደም እንደገና መሥራት ይጀምራሉ። «እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት። ዘይነብ ትዝ አለችኝ።

ክልሎች ገና በተቋቋሙበት ዘመን አሶሳ ውስጥ የላቦራቶሪ ተለማማጅ ነበርኩ፤ በሰፈራ ከወሎ የመጣ ቤተሰብ ልጅ። ማንጎው በየደጁ የሚረግፍበት፣ የመጀመሪያው ዝናብ መንገዱን ቀይ ጭቃ የሚያደርግበት ወቅት ነበር። ከኩርሙክ መንገድ አንዲት የበርታ እናት የዘጠኝ ዓመት ልጇን ዘይነብን ይዛ ለሦስተኛ ጊዜ መጣች።

«ወላሂ፣ ልጄ አጥንት ያመዋል» አለችኝ በምትችለው አማርኛ። «ሰዎች ሰነፍ ነው፣ ውሃ መቅዳት ጠልቶ ነው ይላል።»

እንደ በፊቱ ደሟን በመስታወት ስላይድ ላይ ቀብቼ በማይክሮስኮፕ ወባ ፈልጌ አጣሁ። የተጣመሙ ሴሎች ግን አየሁ። በፊትም አይቻቸው ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። ያን ቀን ኃላፊዬ ጋሽ ተረፈ ራሳቸው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ።

«እነዚህን አይተሻል?»

«ስላይዱን ያበላሸሁት መስሎኝ ነው ጋሼ።»

አልተቆጡኝም። አንዲት ጠብታ ደም በሁለት መስታወት መሃል አድርገው፣ አየር እንዳይገባ ጠርዙን በቫዝሊን አሸጉና ጠብቂ አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሳይ ክብ የነበሩት ሴሎች ማጭድ መስለዋል። ሁለት ጊዜ አይቼ ዝም ያልኩት ይህን ነበር።

ጋሽ ተረፈ ለእናትየው ቀስ ብለው አስረዷት። የደም ሕመም ነው፤ ዘይነብ አልሰነፈችም፤ ውሃ በደንብ ትጠጣ፤ ብርድ አይምታት፤ ትኩሳት ከያዛት ቶሎ አምጧት።

«ከኔ ነው?» አለች።

«ከእናትም ከአባትም ነው፣ እናቴ። ማንም አላጠፋም።»

«መድኃኒት አለ?»

«ደሙን የሚቀይር የለም» አሏት ዓይን ዓይኗን እያዩ።

አባትየው ጭነት መኪናው ጋ ይጠብቅ ነበር። ጋሽ ተረፈ ጭቃውን አቋርጠው ሄደው ለእሱም ደገሙለት። ዘይነብ ስትመጣ ከላይ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ስትመለስ አባቷ አቅፎ ጋቢና አስገባት። እኔም ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሳልጽፍ ቀርቼ አላውቅም።

ጋሽ ተረፈ «የለም» ያሉትን ነገር በዕድሜዬ መስማቴ እስካሁን ይደንቀኛል። ሴልን ከውስጡ መክሮ መመለስ! የሠሩትን ሰዎች እጃቸውን በሳምኩ። ከዘይነብ ጋር ተጠፋፍተን አናውቅም፤ ዛሬ አስተማሪ ናት፤ ሕመሙ ግን አልተዋትም። ደውዬ ነገርኳት፤ ሕክምናው ሩቅ አገር መሆኑንና ውድነቱንም አልደበቅኋትም።

«ሕመሙ ላለባቸው ትንንሽ ልጆች ይደርስላቸዋል፤ አይደል?» አለችኝ።

ስለ ራሷ አልጠየቀችኝም።