ከሥልጣን የወረዱት እንግዳ

እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን የሚያመጣው ጣጣ ብዙ ነው። ባለፈው ዓመት ሆሳዕና ከተማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያናችን ያስቆፈረችውን የውሃ ጉድጓድ ሊያዩ አንድ ካናዳዊ ሽማግሌ መጡና አስተርጓሚ ሆንኩ።

አዳራሽ ውስጥ ራሳቸውን ሲያስተዋውቁ በአገራቸው የአንድ ክፍለ ሀገር መሪ እንደነበሩ ነገሩኝ። እኔም ሰው እንዲገባው ብዬ "የክልል ፕሬዚዳንት ነበሩ" አልኩ። ሕዝቡ በሙሉ ከወንበሩ ተነሣ።

እንግዳው ቀጠሉ። "ምርጫ ስሸነፍ ላሸነፈኝ ሰው ደውዬ እንኳን ደስ አለህ አልኩትና ቢሮዬን ለቀቅኩ።"

ይህን ስተረጉም ፊት ለፊት የተቀመጡት የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉና "በደንብ አልሰማህም መሰለኝ፤ እስቲ ደግመህ ጠይቃቸው" አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኩ። መልሱ ያው ነው።

በዚህ ጊዜ የአገር ሽማግሌያችን ጋሽ ኤርሲዶ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጄ፣ ጤነኛ ሰው ደውሎ ከወንበር አይወርድም። ቢያስቀይሟቸው ነው። እኛ ስንት ደም የፈሰሰበት ጠብ አስታርቀናል፤ ይሄ አያቅተንም። ያንን ያሸነፋቸውን ሰውዬ ሽማግሌ ሆነን እንለምነውና ወንበራቸውን ይመልስላቸው። እንዲህ ይላሉ ብለህ ንገራቸው።"

እያፈርኩ ተረጎምኩ። እንግዳው ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

"የሽማግሌዎቹን ቪዛ እኔ እጨርሳለሁ። መቼ መሄድ ይችላሉ?"