ብርጭቆው ላይ ያለችው ካርቶን

በስደት በምኖርባት ኦሮራ ከተማ፣ ቻምበርስ ሮድ አካባቢ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ እንከባከብ ነበር። ከሰዓት በኋላ በረዶው መስኮቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ሁለታችንም ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆነን አልኮል የሌለው ቢራ እቀዳላቸዋለሁ። ጨርሰው ብርጭቆውን ከሥሩ ባለችው ክብ ካርቶን ይከድኑታል። እኔ ደግሞ በዚያ ብርድ ዝንብ ከየት ይመጣል ሳልል፣ ለዝንብ ነው ብዬ ካርቶኗን አነሳና ደግሜ እሞላዋለሁ። ዝም ብለው ይጠጣሉ። ሁለት ክረምት እንዲህ እንደ ሕልም አለፈ።

ለእህቴ ሠርግ ጀርመን፣ ኮሎኝ ልሄድ ስል ምክር ሰጡኝ።

«እዚያ ብርጭቆሽ ባዶ ከሆነ ሳይጠይቁሽ ይቀዱልሻል። ሲበቃሽ ካርቶኑን ክደኚበት።»

እጄ ላይ ያለው ጠርሙስ ከበደኝ።

«ታዲያ እኔ ስቀዳ ለምን ዝም አሉ?»

«ጎረቤቴ መክሮኝ ነበር፤ አበሻ ሲቀዳልህ እምቢ አይባልም ብሎ።»