የጭራቁ ፍትሐት

በጃንሆይ ጊዜ የፊልም ማሽን ይዤ በየአውራጃው ስዞር፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ላይ አንድ የጭራቅ ፊልም አሳየሁ። ጥቁርና ነጭ ነው። መጨረሻው ላይ ጭራቁ በእሳት ተቃጥሎ ሲሞት የደብሩ ቄስ አባ ተሰማ አንጀታቸው አልቻለም። «የሰው መልክ ያለው ያለ ፍትሐት አይሸኝም» ብለው ለፊልሙ ከተወጠረው አቡጀዲ ፊት ቆመው ፍትሐት አደረሱለት። ሕዝቡም ነፍስ ይማር ብሎ ተበተነ።

በዓመቱ የፊልሙን ተከታይ ይዤ መጣሁ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ጭራቁ ከአመዱ ውስጥ ብድግ ሲል የሸሸ ሰው የለም፤ ሁሉም ዘወር ብሎ አባ ተሰማን ያያል። እሳቸው መስቀላቸውን እያሻሹ አቀርቅረዋል። ማሽኑን ላጥፋው ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ፣ ክረምት ላይ እናታቸውን የቀበሩት አቶ ደምሴ ከኋላ ተነሡ።

«አባ፣ የእናቴንም ፍትሐት እንዲሁ ነው ያደረሱት?»